የጥንት ግሪክ ቤተ መቅደሶችና የሕዝብ ሕንጻዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ግሪክ ሕንጻ ሲወራ ቶሎ ሰው አእምሮ ላይ የሚመጣው ነጭ ኮለን (ዓምድ)፣ ሰማያዊ ሰማይና የፈረሰ ጣራ ነው። እኔ ግን ሰው እነዚህን ሕንጻዎች እንደ ፍርስራሽ ሳይሆን እንደ ሥራ ቢያያቸው ደስ ይለኛል፣ ማለቴ ድንጋይ ጠራቢ የጠረበው፣ አናጺ ጣራ ያቆመለት፣ ቀለም የተቀባ፣ የቀን ሂሳብ የተከፈለበት ሥራ። መልሶቹንም በዚህ ዓይን ነው የጻፍኳቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፣ ቅ.ል.ክ. ስል ከክርስቶስ ልደት በፊት ማለቴ ነው።

ሕዝቡ ቤተ መቅደሱ ውስጥ ገብቶ ነበር የሚጸልየው?

አይደለም፣ እና ይሄን ካልያዝን ሌላው ሁሉ ግራ ነው የሚገባን። የግሪክ ቤተ መቅደስ የጣዖቱ ቤት ነው እንጂ የሕዝብ መሰብሰቢያ አይደለም። ውስጥ የሚቆመው ሐውልቱ ነው፣ ከሱ ጋር ደግሞ ሰው በስለት ያስገባው ዕቃ፣ ወርቁ፣ ብሩ፣ ከጦርነት የተማረከው ጋሻ ምናምን ይቀመጣል። ዋናው አምልኮ ውጪ ነው፣ መሠዊያው አብዛኛውን ጊዜ በምሥራቅ በኩል ከበሩ ፊት ለፊት ግቢው ውስጥ ነው ያለው፣ በሬው በጉ እዛ ይታረዳል፣ ለአማልክቱ የሚቃጠለው ይቃጠልና ሥጋው ለሕዝቡ ይከፋፈላል።

የኛ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ እየተባለ ወደ ውስጥ ስለሚሄድ ብዙ ሰው የግሪኩንም በዛ ይገምተዋል። እውነት ነው የነሱም ብዙ ጊዜ ሦስት ክፍል አለው፣ ፊት ለፊት ፕሮናኦስ የሚባል በረንዳ፣ መሀል ላይ ሐውልቱ ያለበት ናኦስ፣ ከኋላ ደግሞ ኦፒስቶዶሞስ። ግን የኋላው ክፍል ብዙ ጊዜ ከናኦሱ ጋር የሚያገናኝ በር እንኳን የለውም፣ ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠ በረንዳ ነው፣ ሕንጻው ከፊትም ከኋላም ሲታይ እኩል እንዲያምር ነው የተደረገው። ኮለኖቹ ዙሪያውን የቆሙት፣ ቅርጻ ቅርጹም አብዛኛው በውጪ በኩል የሆነው ለዚሁ ነው፣ ተመልካቹ ያለው ውጪ ነዋ።

ዶሪክ፣ አዮኒክ፣ ኮሪንቲያን የሚባሉትን እንዴት ነው የምለየው?

መጀመሪያ እግሩን እዩ። ኮለኑ ምንም መቀመጫ ሳይኖረው በቀጥታ ከወለሉ ከተነሳ የግሪክ ዶሪክ ነው። ወፈር ያለ ነው፣ ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ እስከ ታች 20 ቦይ ተፈልፍሎበታል፣ በቦዮቹ መሀል ያለው ጠርዝ ሹል ነው፣ አናቱ ላይ ክብ ድንጋይ፣ ከሱ በላይ አራት ማዕዘን ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ በቃ ሌላ ጌጥ የለውም። ኮለኖቹ ላይ ከተጋደመው ቢም በላይ ደግሞ ትሪግሊፍ የሚባል ሦስት ቋሚ ዘንግ የሚመስል ድንጋይና ሜቶፕ የሚባል ቅርጽ የሚሠራበት ሰሌዳ እየተፈራረቁ ዙሪያውን ይሄዳሉ። አዮኒክ ቀጠን ረዘም ያለ ነው፣ ከታች መቀመጫ አለው፣ ቦዩ አብዛኛውን ጊዜ 24 ሆኖ ጠርዙ ጠፍጠፍ ያለ ነው፣ አናቱ ግራና ቀኝ ይጠቀለላል፣ ከላይ ያለው የቅርጽ መስመርም ብዙ ጊዜ በትሪግሊፍ ሳይቆራረጥ አንድ ሆኖ ይሄዳል። ኮሪንቲያን ማለትም የቆሮንቶሱ አናቱ ላይ የአካንተስ ቅጠል ያለው ነው። እስካሁን ከሚታወቁት የመጀመሪያው ባሳይ በሚባል ተራራማ ቦታ ባለው የአፖሎ ቤተ መቅደስ ውስጥ የቆመው ነበር፣ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. መጨረሻ አካባቢ። ግሪኮቹ በቁጥብነት ነበር የሚጠቀሙበት፣ በየቦታው ያስፋፉት ሮማውያን ናቸው።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ሦስቱንም በአንድ ቅዳሜ ማየት ትችላላችሁ። ሊንከን ሜሞሪያል 36 ዶሪክ ኮለን አለው፣ ጄፈርሰን ሜሞሪያል አዮኒክ ነው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ኮሪንቲያን። አዲስ አበባ ቪላ በረንዳና የሰርግ አዳራሽ መግቢያ ላይ በጅብሰም ወይም በሲሚንቶ የሚሠራው አናት ብዙ ጊዜ ቅጠሉን ከኮሪንቲያን ጥቅልሉን ከአዮኒክ ወስዶ የቀላቀለ ነው፣ ይሄ ቅልቅል የመጣው ከሮማውያን ነው እንጂ ከግሪኮቹ አይደለም።

ሁሉም የተሠሩት ከእብነ በረድ ነው እንዴ?

ኧረ አይደለም። አቴናውያን እድለኞች ናቸው፣ ፔንቴሊኮን የሚባለው ተራራ ከከተማው 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ፓርተኖንን፣ አክሮፖሊስ በሚባለው የከተማው ኮረብታ ላይ ያለውን አቴና የምትባለው የሴት አምላክ ቤተ መቅደስ፣ በሙሉ በእብነ በረድ መሥራት ቻሉ። ሌላው አገር ያገኘውን ድንጋይ ነው የሠራበት። ኦሎምፒያ ላይ ያለው ትልቁ የዜውስ ቤተ መቅደስ፣ የኤሊሱ ሊቦን የሠራው፣ የአካባቢው የኖራ ድንጋይ ነው፣ ድንጋዩ ሸካራና ቀዳዳ የበዛበት ስለነበር ላዩን በነጭ ልስን ለስነው እብነ በረድ አስመሰሉት። ጣሊያን ውስጥ ግሪኮች ሰፍረውበት በነበረው ፔስተም ያሉት ሦስቱ ቤተ መቅደሶችም የኖራ ድንጋይ ናቸው።

ከድንጋዩ በፊት ደግሞ እንጨት ነበር። ኦሎምፒያ ያለው የሄራ ቤተ መቅደስ፣ ዛሬ የኦሎምፒክ ችቦ የሚለኮሰው እሱ ፊት ነው፣ 600 ቅ.ል.ክ. አካባቢ ሲሠራ ኮለኖቹ እንጨት ነበሩ፣ ግድግዳውም ከታች ድንጋይ ሆኖ ከላይ የጭቃ ጡብ ነበር። እንጨቱ እየበሰበሰ ሲሄድ አንድ በአንድ በድንጋይ ቀየሩት፣ የቀየሩት ሰዎች ዘመናቸውም ጣዕማቸውም ስለሚለያይ ዛሬ የቀሩትን ብታዩ ውፍረታቸውም አናታቸውም አይመሳሰልም። ፓውሳንያስ የሚባለው ተጓዥ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ም. እዛ ሲደርስ ከኋላ በኩል አንድ የኦክ እንጨት ኮለን ገና እንደቆመ ነበር ያገኘው፣ ያን ሁሉ መቶ ዓመት! ለኔ ከፓርተኖን እኩል የምወደው ሕንጻ ይሄ ነው፣ የጥገና ታሪኩ ሙሉ በሙሉ ኮለኖቹ ላይ ተጽፏል።

ሮማዊው አርክቴክት ቪትሩቪየስ ትሪግሊፍ የሚባለው የጣራው እንጨት ጫፍ በድንጋይ ተቀርጾ የቀረ ነው ይላል። ምሁራን እስከዛሬ ይከራከሩበታል፣ ግን ከትሪግሊፉ ስር ያሉትን ትንንሽ ጉጦች ያየ ሰው የእንጨት ችካል እንደሚመስሉ አይክድም።

ነጭ ነበሩ?

አልነበሩም። ትሪግሊፉ ሰማያዊ፣ ከቅርጾቹ ጀርባ ያለው መደብ ብዙ ቦታ ቀይ ወይ ሰማያዊ፣ አንዳንዱ ጌጥ ወርቅ የተቀባ ነበር። ቀለሙ በዝናብና በጸሐይ ለቀቀ እንጂ ፍንጣሪው ዛሬም በመሣሪያ ይታያል፣ ፓርተኖን ቅርጾች ላይ ግብጻዊ ሰማያዊ የሚባለው ሰው ሠራሽ ቀለም ተገኝቷል። ትልልቁ የኮለን አካል ግን ብዙ ጊዜ የድንጋዩ ወይም የልስኑ ነጭ ሆኖ ነው የሚቀረው። ቀለሙን ስታስቡት ከታች 10 ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ ወደ ላይ የሚያየውን ሰው አስቡ፣ በዛ የግሪክ ጸሐይ ነጭ በነጭ ላይ የተቀረጸ ነገር በደንብ አይለይም።

ሲሚንቶ ሳይኖር እንዴት ነው የቆመው?

ይሄ ጥያቄ ነው ልቤን የሚያሞቀው። ሲሚንቶ የለም፣ በድንጋዮቹ መሀል የኖራ ሞርታርም የለም፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነው። ግን እንዴት ያለ ገጠማ መሰላችሁ። ሁለት ድንጋይ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ሙሉ ፊቱን አያለሰልሱትም፣ የሚነካካውን ጠርዝ ብቻ ፍጹም እስኪሆን ያለሰልሱና መሀሉን ትንሽ ጎድጎድ ያደርጉታል፣ ስለዚህ ጠርዝ ከጠርዝ ጋር ግጥም ይላል፣ ከውጪ ሲታይ መጋጠሚያው የጸጉር ያህል ነው ወይም ጭራሽ አይታይም። ሥራ ይቀንሳል፣ ገጠማው ደግሞ ይሻላል። ከዛ ጎን ለጎን ያሉትን ድንጋዮች በብረት ያያይዟቸዋል፣ ለብረቱ ድንጋዩ ላይ ቦታ ይፈለፈልለታል፣ ብረቱ ይገባና ዙሪያው የቀለጠ እርሳስ ይፈስበታል። እርሳሱ ብረቱን ከውሃ ይከላከልለታል፣ ዝገት አያገኘውም፣ መሬት ሲንቀጠቀጥም ለስላሳ ስለሆነ ትንሽ እሺ ይላል።

ኮለኑ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ድንጋይ አይደለም። ቆሮንቶስ ላይ ባለው ጥንታዊ የአፖሎ ቤተ መቅደስ አንድ ወጥ ናቸው፣ ያ ግን ማጓጓዣውም ማንሻውም ከባድ ነው። ፓርተኖን ላይ አንድ ኮለን 10 ሜትር ከፍታ ላይ የሚደርሰው ከ10 እስከ 12 የሚሆኑ ክብ ድንጋዮች ተደራርበው ነው። በየድንጋዩ መሀል አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይቆፈርና የእንጨት ውታፍ ይገባበታል፣ በመሀሉ ደግሞ ክብ የእንጨት ዘንግ አለ፣ የላይኛው ድንጋይ የታችኛው መሀል ላይ በትክክል እንዲያርፍ የሚያደርገው እሱ ነው። አክሮፖሊስ ላይ ከ2,400 ዓመት በኋላ ሲከፈቱ እንጨቶቹ ሳይበሰብሱ የተገኙባቸው አሉ፣ ገጠማው አየርም ውሃም አላስገባማ!

ማንሳቱስ ካላችሁ፣ ድሮ የአፈር ዳገት እየሠሩ ነበር የሚጎትቱት፣ ከ6ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. መጨረሻ ጀምሮ ግን ክሬን ገባ፣ ፑሊና ገመድ መጠቅለያ ያለው የእንጨት ክሬን፣ ድንጋዮቹ ላይ የመቆንጠጫ ጉድጓድ መታየት የጀመረው ያኔ ነው። ኤፌሶን ላይ ደግሞ አርክቴክቱ ኬርሲፍሮን ለአርጤምስ ቤተ መቅደስ ኮለኖቹን በጋሪ ማጓጓዝ ስላልቻለ፣ መንገዱ ለስላሳ ነበርና መንኮራኩሩ ይሰምጣል፣ ድንጋዩ ጫፍና ጫፉ ላይ ብረት ተክሎ በእንጨት ፍሬም ውስጥ አስገብቶ ራሱ ኮለኑ እየተንከባለለ በበሬ እንዲጎተት አደረገው፣ ቪትሩቪየስ ነው የጻፈው።

ቦዩ የሚፈለፈለው መጨረሻ ላይ ነው፣ ኮለኑ ከቆመ በኋላ። ከታችና ከላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ አስቀድሞ ይጀመራል፣ ሌላው ሥራው ላይ ግጭት እንዳያበላሸው ይቆያል። ይሄን በዓይን ማየት የሚፈልግ ሲሲሊ ሴጄስታ ይሂድ፣ እዛ ያለው ቤተ መቅደስ ሳያልቅ ነው የቀረው፣ ኮለኖቹ ቦይ የላቸውም፣ ድንጋዮቹ ላይ ለማንሻ የተተዉት ጉብታዎችም እንዳሉ ናቸው። አቴና ላይ ራሱ የአክሮፖሊስ መግቢያ የሆነው ፕሮፒላያ፣ ምኔሲክሌስ የሠራው፣ በ432 ቅ.ል.ክ. ከስፓርታ ጋር ጦርነቱ ሲቃረብ ተቋርጦ ስለቀረ ጉብታዎቹ አንዳንድ ግድግዳ ላይ ይታያሉ። ያላለቀ ሥራ ካለቀው በላይ ያስተምራል።

ፓርተኖን ላይ አንድም ቀጥ ያለ መስመር የለም የሚባለው እውነት ነው?

በጣም የቀረበ ነው። ወለሉ ጠፍጣፋ አይደለም፣ መሀሉ ከፍ ያለ ነው፣ በአጭሩ ጎን 6 ሴንቲ ሜትር፣ በረጅሙ ጎን 11 ሴንቲ ሜትር ያህል። ያ ጉብታ ደግሞ እስከ ላይ ቢሙ ድረስ ይከተላል። ኮለኖቹ ቀጥ ብለው አልቆሙም፣ ሁሉም ወደ ውስጥ 6 ወይ 7 ሴንቲ ሜትር ያዘነብላሉ። አካላቸውም ከታች ወደ ላይ በቀጥታ አይቀጥንም፣ በጣም በትንሹ ቆልመም ብሎ ነው የሚሄደው፣ ኤንታሲስ ይባላል። የማዕዘን ኮለኖቹ ከሌሎቹ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወፍራሉ፣ ከጎረቤታቸውም ቀረብ ብለው ነው የቆሙት።

አሁን ይሄን በቱምቢና በውሃ ልክ የሠራ ሰው ያስበው። ወለሉ ከጎበጠና ኮለኑ ካዘነበለ የመጀመሪያው ክብ ድንጋይ ስሩ ሰያፍ ሆኖ መጠረብ አለበት፣ ከየትኛውም ወገን ስትለኩት ቁመቱ ይለያያል፣ እያንዳንዱ የግድግዳ ድንጋይም የራሱ ቦታ ብቻ ነው የሚገጥመው። እንደ ብሎኬት አንዱን አንስተህ ሌላው ቦታ ማድረግ አይቻልም። ይሄን ሁሉ አድርገው ዋናውን ሕንጻ ከ447 እስከ 438 ቅ.ል.ክ. በ9 ዓመት ጨረሱት፣ ቅርጻ ቅርጹ እስከ 432 ቀጠለ። አርክቴክቶቹ ኢክቲኖስና ካሊክራቴስ፣ የቅርጹ ኃላፊ ፊዲያስ፣ ፖለቲካውን የመራው ፔሪክሌስ።

ለምን አደረጉት ለሚለው ቪትሩቪየስ ወለሉ ደልዳላ ከሆነ ለዓይን መሀሉ የሰረጎደ ይመስላል ይላል። የዝናብ ውሃም ይወርዳል። እኔ የዓይኑ ምክንያት ብቻውን አይበቃኝም፣ ሕንጻው ሕይወት ያለው እንዲመስል የፈለጉ ይመስለኛል፣ ድርቅ ያለ ትክክለኛ ነገር ቶሎ ይሰለቻልና።

እንዴት ለኩት ለሚለው ደግሞ ትልቅ ፍንጭ አለ። በ1979 ሎታር ሃዝልበርገር የሚባል ተመራማሪ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለው ዲዲማ በአፖሎ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ በቀጭን መስመር የተጫሩ የሥራ ድሮዊንጎች አገኘ። የኮለኑ ውፍረት በሙሉ ልኩ ተስሏል፣ ቁመቱ ግን በ16 ተከፍሎ አጥሯል፣ ስለዚህ ያቺ ትንሿ ቆልማማ መስመር ጎላ ብላ ትታያለች፣ ጠራቢው በየከፍታው ልኩን ከዛ ይወስዳል። ግድግዳው መጨረሻ ላይ ተለስልሶ ቢሆን ኖሮ ድሮዊንጉ ይጠፋ ነበር፣ ግን ቤተ መቅደሱ አላለቀም።

ፓርተኖን የተሠራው በጎልደን ሬሾ ነው?

ጎልደን ሬሾ የሚባለው 1 ለ 1.618 ገደማ የሆነ፣ ለዓይን ያምራል የሚባል ምጣኔ ነው፣ ፓርተኖን በሱ ለመሠራቱ ግን ምንም የጥንት ማስረጃ የለም። በልኬት የሚታየው 4 ለ 9 ነው። የወለሉ ወርድ ከርዝመቱ ጋር፣ 30.9 ሜትር በ69.5 ሜትር ገደማ፣ የኮለኑ ውፍረት ከኮለን መሀል እስከ ኮለን መሀል ካለው ርቀት ጋር፣ እስከ ጣራው ስር ክፈፍ ያለው ከፍታ ከፊት ለፊቱ ወርድ ጋር፣ ሁሉም 4 ለ 9 ናቸው።

ማን ሠራው፣ ማን ከፈለ?

ባሪያዎች ብቻ ናቸው የሠሩት የሚለው ትክክል አይደለም፣ ሰነዱ አለና። አቴናውያን የሥራውን ሂሳብ እብነ በረድ ላይ እየቀረጹ ለሕዝብ ያቆሙት ነበር። ኤሬክቴዮን የሚባለው፣ ሴቶች ኮለን ሆነው ጣራ የተሸከሙበት፣ ከ409 ቅ.ል.ክ. ጀምሮ ያለው ሂሳቡ ተገኝቷል፣ ማን ምን እንደሠራ፣ ስንት ቀን፣ ስንት እንደተከፈለው። ዜጋው፣ መጤ ነዋሪውና ባሪያው ጎን ለጎን አንድ ኮለን ላይ ቦይ ይፈለፍላሉ፣ ክፍያውም ብዙውን ጊዜ በቀን አንድ ድራክማ ለሁሉም እኩል ነው። የባሪያውን ገንዘብ ጌታው እንደሚወስደው ግን አትርሱ። ከዜጎቹ ይልቅ መጤዎቹ ይበዙ ነበር።

ገንዘቡስ? አቴና ከፋርስ ጋር ለመዋጋት የተቋቋመ ኅብረት መሪ ነበረች፣ የኅብረቱ ግምጃ ቤት በ454 ቅ.ል.ክ. ከዴሎስ ደሴት ወደ አቴና ተዛወረ፣ ከግብሩ 60ኛው እጅ ለሴት አምላኳ ለአቴና ይገባ ነበር። ግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደጻፈው ያኔውኑ የፔሪክሌስ ተቃዋሚዎች የአጋሮቻችንን ገንዘብ ወስደን ከተማችንን እናሽሞነሙናለን ብለው ጮኸዋል። ሕንጻውን ስናደንቅ ይሄም አብሮ መነገር አለበት።

ከቤተ መቅደስ ሌላ ለሕዝብ ምን ሠሩ?

ስቶዋ ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። ከኋላ ግድግዳ፣ ከፊት የኮለን ረድፍ፣ ከላይ ጣራ፣ በቃ ረጅም መመላለሻ ነው፣ ዮሐንስ ወንጌል ላይ ጌታ በሰሎሞን ደጅ መመላለሻ ይመላለስ ነበር የሚለው እንዲህ ዓይነት ሕንጻ ነው። ከጸሐይና ከዝናብ ያስጠልላል፣ ውስጡ ሱቅ ይኖረዋል፣ ዳኝነት ይካሄድበታል፣ ሰው ይገናኝበታል። ፈላስፋው ዘኖን ያስተማረው አቴና ገበያ ዳር ባለው ሥዕል ያለበት ስቶዋ ላይ ነው፣ ሐዋርያት ሥራ ላይ ከጳውሎስ ጋር የተከራከሩት ኢስጦኢኮች የሱ ትምህርት ተከታዮች ናቸው። የጴርጋሞኑ ንጉሥ አታሎስ 2ኛ ለአቴና የሰጠው ስቶዋ ከ1952 እስከ 1956 በቦታው ላይ እንደ ጥንቱ ተደርጎ እንደገና ተሠርቷል፣ ርዝመቱ 115 ሜትር ገደማ ነው፣ አሁን ሙዚየም ሆኗል። የግሪክ ሕንጻ ሳይፈርስ ምን ይመስል ነበር የሚል ሰው ሐምሌ ቀትር ላይ እዛ ውስጥ ይግባ፣ ጥላውና ነፋሱ ራሱ መልስ ነው።

ለምክር ቤት ቡሌውቴሪዮን ነበራቸው፣ አቴና ላይ ለ500 አማካሪዎች የተሠራ። በየተራ ሥራ ላይ የሚሆኑት 50ዎቹ የሚመገቡበት ክብ ቤት ቶሎስ ይባላል፣ ከአጠገቡ ነው። ትልቁ የዜጎች ጉባኤ ግን ፕኒክስ በሚባል ኮረብታ ላይ ሜዳ ላይ ነበር፣ ሕንጻም የለውም። ስታዲየም 600 ጫማ የሩጫ መስመር ነው፣ የየከተማው ጫማ ስለሚለያይ ኦሎምፒያ ላይ 192 ሜትር ሆነ፣ ተመልካቹ ሣር ላይ ነበር የሚቀመጠው። አቴና ያለው ሙሉ እብነ በረድ የሆነው ስታዲየም በጥንቱ ቦታ ላይ ታድሶ የ1896ቱ ኦሎምፒክ የተካሄደበት ነው።

ኤፒዳውሮስ ቲያትር ላይ ሳንቲም ሲወድቅ ላይ ድረስ ይሰማል ይባላል፣ እውነት ነው?

ሳንቲሙ ተጋኗል። ኔዘርላንድ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች በ2017 በብዙ ማይክራፎን ለክተው ሳንቲሙና ሹክሹክታው የመጨረሻው ረድፍ ላይ እንደማይለይ፣ ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው ግን ሁሉም ጋ እንደሚሰማ አሳይተዋል። ደግሞም ለተዋናይ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ቲያትሩ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. የተሠራ ሲሆን 55 ረድፍ አለው፣ 14,000 ያህል ሰው ይይዛል፣ ፓውሳንያስ ሠሪው ፖሊክሌይቶስ ነው ይላል። ግሪኮቹ ቲያትርን ተራራ ወገብ ላይ ነው የሚያሳርፉት፣ ተዳፋቱን ስለሚጠቀሙ ከስር የሚሸከም ግንብ ብዙም አያስፈልግም፣ ሮማውያን ናቸው በኋላ በቅስት ተሸክመው ሜዳ ላይ ያቆሙት። ኤፌሶን ላይ ሕዝቡ የኤፌሶን አርጤምስ ታላቅ ናት እያለ ሁለት ሰዓት የጮኸበት ቲያትርም እንዲሁ ተራራ ላይ የተደገፈ ነው፣ ዛሬም አለ። አርጤምስ ቤተ መቅደሷ ግን ከሰባቱ ድንቆች አንዱ የነበረው ዛሬ ረግረግ ላይ አንድ ተለቃቅሞ የቆመ ኮለን ነው የቀረው።

ለምን ፈረሱ ታዲያ?

ከምናስበው በላይ ሰው ነው ያፈረሳቸው። መሬት መንቀጥቀጥ ኦሎምፒያን ጥሎታል፣ ያ እውነት ነው፣ ግን ሌላው ቦታ እብነ በረዱ ተቃጥሎ ኖራ ሆነ፣ ከውስጥ ያለውን ብረትና እርሳስ ለመውሰድ ድንጋዩ ተፈለፈለ፣ የተጠረበ ድንጋይ ሁሌ ለአዲስ ቤት ይፈለጋል። በደንብ ከተረፉት ብዙዎቹ ቤተ ክርስቲያን የሆኑት ናቸው። አቴና ገበያ አጠገብ ያለው ሄፋይስቴዮን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ስለኖረ ዛሬ ከሁሉም ደህና ሆኖ የቆመ ነው፣ ሲሲሊ አግሪጀንቶ ያለው የኮንኮርዲያው ቤተ መቅደስም በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ነው የተረፈው። ፓርተኖንም ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ወደ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ አገልግሏል፣ ከዛ መስጊድ ሆነ፣ እስከ 1687 ድረስም ብዙው አካሉ እንደቆመ ነበር። በዛ ዓመት በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 26 ቱርኮች ባሩድ አስቀምጠውበት ሳለ የቬኒስ ጦር በመድፍ መታው፣ መሀሉ ፈነዳ።

ሌላው ጉዳት ከጥገና የመጣ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኒኮላዎስ ባላኖስ ሲያድስ የጥንቶቹ እንዳደረጉት እርሳስ ሳያለብስ ብረት አስገባ፣ ብረቱ ዛገና አበጠ፣ እብነ በረዱን ሰነጠቀው። ከ1975 ጀምሮ የተቋቋመው ኮሚቴ ያን ብረት እያወጣ በቲታኒየም እየቀየረ፣ የየድንጋዩን የድሮ ቦታ እየፈለገ እየመለሰ ነው። ድንጋዩ የራሱ ቦታ ብቻ ስለሚገጥም ነው ይሄ የሚቻለው።

ለንደን ያሉት ቅርጾች ይመለሳሉ?

በቱርኮቹ መንግሥት የእንግሊዝ አምባሳደር የነበረው ሎርድ ኤልጂን ከ1801 ጀምሮ ከፓርተኖን አስነቅሎ ወሰዳቸው፣ በ1816 የእንግሊዝ ፓርላማ ገዛቸው፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ናቸው፣ ከተረፉት ግማሽ ያህሉ። አቴና በ2009 የተከፈተው የአክሮፖሊስ ሙዚየም ላይኛው ፎቅ ላይ ልክ እንደ ሕንጻው አቅጣጫ ደርድሯቸዋል፣ ለንደን ያሉት ቦታ ላይ ጅብሰም ቅጂ ነው። እኔ መመለስ አለባቸው ባይ ነኝ፣ የሕንጻው አካል ናቸውና። ሙዚየሙ ዕቃ እንዳይሰጥ የሚከለክለው የ1963ቱ ሕግ ከመቅደላ የተወሰዱት ታቦቶቻችን ጉዳይ ላይም የሚነሳው ያው ሕግ ነው፣ ስለዚህ የግሪኮቹን ክርክር እኛም በቅርብ ብንከታተለው ይጠቅመናል።

የሃ ያለው ቤተ መቅደስ ከግሪክ የመጣ ነው?

አይደለም። የሃ የደቡብ አረቢያ የሳባ አሠራር ነው፣ ወደ 7ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ይጠጋል፣ ያኔ ግሪኮቹ ገና ከእንጨት ወደ ድንጋይ ሊሻገሩ እየጀመሩ ነበር። እሱም ያለ ሞርታር በተጠረበ ድንጋይ ነው የቆመው፣ ግን መንገዱ ሌላ ነው። የግሪክ ነገር ወደኛ በግልጽ የገባው በአክሱም ዘመን ነው፣ በሳንቲም ላይ ባለው ጽሑፍና በንጉሥ ኢዛና ድንጋይ ላይ፣ በቋንቋ እንጂ በኮለን አይደለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለማየት ከየት ልጀምር?

አቴና ከሄዳችሁ አክሮፖሊስን በጠዋቱ የመጀመሪያ ሰዓት ያዙት፣ ከ2023 ጀምሮ በሰዓት የተከፋፈለ ቲኬት ነው፣ በቀን 20,000 ሰው ብቻ ነው የሚገባው። ጫማችሁ የማያንሸራትት ይሁን፣ ድንጋዩ በሰው እግር ለስልሷል። ደረጃው ጥግ ላይ ቁሙና በወለሉ ጠርዝ አሻግራችሁ እዩ፣ ጉብታው ይታያችኋል። ከዛ ወደ ሰሜኑ ግንብ በውጪ በኩል ዞራችሁ ብታዩ ፋርሶች በ480 ቅ.ል.ክ. ካቃጠሉት ከቀድሞው ፓርተኖን የተረፉት ክብ ድንጋዮች ግድግዳው ውስጥ ተደርድረው አሉ። ከሰዓት ገበያው ጋ ውረዱ፣ ሄፋይስቴዮንና ስቶዋው እዛ ናቸው። ጣሊያን ያላችሁ ፔስተም ሂዱ፣ ከኔፕልስ በባቡር ይደረሳል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ናሽቪል ቴነሲ በሙሉ ልኩ የተሠራ ፓርተኖን አለ፣ ኮንክሪት ነው፣ ግን ውስጡ ከ12 ሜትር በላይ የሆነ በወርቅ የተለበጠ የሴት አምላኳ የአቴና ሐውልት ስላለ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ማየት ምን ዓይነት እንደነበረ እዛ ነው የሚገባችሁ።